«በሞቴ» እስከ በር

አንድ ጊዜ ማንጠግቦሽ የምትባል አህያ ለትምህርት ከገጠር ወደ ከተማ ገባች። እናቷ ስትሸኛት ብርቱ አደራ ሰጥታታለች። «ልጄ፣ ‹እንብላ› ስትባዪ ዘለሽ ገበታ ላይ እንዳትወጪ። ‹በሞቴ› ብለው እስኪለምኑሽ ድረስ ‹ጠግቤአለሁ› በዪ። ስማችንን እንዳታስጠፊው።»

ማንጠግቦሽ ጨዋነቷን ሞልታ፣ ሆዷን ባዶ አድርጋ ደረሰች። በትምህርት ቤቱ ማደሪያ ክፍል የደረሳት ከቀበሮ ጋር ነው። ለክፍሉ የሚመጣው ዳቦ የሁለቱም ቢሆንም ቀበሮ ገበታው ላይ ቀድማ ቀርባ ነበር።

«እንብላ» አለች ቀበሮ።

«ብዪ፣ ጠግቤአለሁ።»

«እሺ» ብላ ቀበሮ ዳቦውን ወደ ራሷ ሳበችው።

ማንጠግቦሽ «በሞቴ» ይመጣል ብላ ጆሮዋን አቆመች፤ ጆሮ መቼም አልተነፈገችም። የመጣው የቀበሮ ግሳት ብቻ ነው። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ነገሩ የገባት ቀበሮ ከዚያ ወዲህ «እንብላ»ን ጎረቤት እስኪሰማ ጮክ ብላ ትል ጀመር። እንደሷ ያለ ቸር በግቢው የለም ተባለላት።

«ከተማ ማለት ይሉኝታ የሌለበት አገር ነው» አለች ማንጠግቦሽ በሆዷ። ሆዷ ባዶ ስለነበር ቃሉ አስተጋባ። ክፍል ውስጥም መምህሩ የሚጽፈው ሁሉ ገብስ እየመሰላት ከትምህርቱ ወደ ኋላ ቀረች። በዚህ ከቀጠለች ወይ በረሃብ መሞቷ ነው፣ ወይ አፍራ ወደ እናቷ መመለሷ።

አንድ ቀን ከክፍል ስትወጣ አያ ጅቦን አጥሩ ሥር ቆሞ አገኘችው።

«ስምሽ ማን ይባላል?»

«ማንጠግቦሽ።»

«እውነትም፣ ማን ይጠግብሻል» አለ፣ ከጆሮዋ እስከ ኮቴዋ እያያት። ስሟን ያደነቀላት መሰላት። «ነይ እቤት፣ እንብላ።»

«ይብሉ አያ ጅቦ፣ ጠግቤአለሁ።»

«በሞቴ።»

እንባዋ መጣ። በዚህ ሁሉ ከተማ አሳዳጊ ያልበደለው አንድ ተገኘ። እናቷ ስለ ጅብ የነገረቻት ነገር ትዝ ቢላትም፣ የገጠር ወሬ ነው ብላ ተወችው። ትንሽ ተግደርድራ ተከተለችው።

«ምን አሠርተዋል?» አለች በመንገድ ላይ።

«ገና አልቀረበም። እየመጣ ነው።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ማንጠግቦሽ እንደ አስተዳደጓ ቆመች። «እርስዎ ይቅደሙ።»

«ግቢ።»

«ኧረ አይሆንም፣ ይቅደሙ።»

የጅቡ ለሃጭ ደረቱ ላይ ደርሷል። «በሞትሽ ግቢ» አለ።

«አያ ጅቦ፣ የሚባለው ‹በሞቴ› ነው።»

«እሱ እስከ በር ነው» አለ ጅብ ትዕግሥቱ አልቆ። «ከበር ወዲያ በሞትሽ ነው።»

ማንጠግቦሽ ከተማ ከገባች ወዲህ እንዲህ ያለ ግልጽ ትምህርት ሰምታ አታውቅም። ስለ ግብዣው በሁለት የኋላ እግሮቿ አፉን በርግጫ አመስግናው ሮጠች።

ክፍሏ ስትደርስ ቀበሮ እንደ ልማዷ «እንብላ» አለች። ቃሉ ሳያልቅ የዳቦው ግማሽ በአህያዋ አፍ ውስጥ ነው።

«ጠግቤአለሁ አትዪም እንዴ?» አለች ቀበሮ ደንግጣ።

«አንዴ ብቻ ጠይቀሽ ስትተዪኝ ከፍቶኝ ነበር» አለች ማንጠግቦሽ እያላመጠች። «ለካ ደግ ነሽ።»

ከዚህ የምንማረው አዲስ ከተማ ገብተን «በሞቴ» እያለ የሚለማመጠን ስናገኝ፣ አስተዳደጉን ከማድነቃችን በፊት የሚበላው ማን እንደሆነ መጠየቅ እንዳለብን ነው።