ዋስ የተባለው አህያና የራሰው ታንኳ

አንድ ጊዜ በጣና ዳር ሸጋው የሚባል አህያ ይኖር ነበር። «ልጄ፣ ታንኳው ሳይደርቅ ውኃ አታስገባው፤ ቢለምኑህም ቢቆጡህም እምቢ በል» ይለው ነበር አባቱ፣ ጠዋትም ማታም። አባትየው ታንኳ ማሰር አስተምሮት፣ ይህን ቃል ትቶለት ሞተ፤ ነፍሱን ይማረውና።

ታንኳ የሚታሰረው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገል ሲደርቅ ቀላል ነው፣ ውኃ ላይ እንደ ዳክዬ ይቀመጣል። ሲውልበት ግን ውኃውን ይጠጣል። ስለዚህ ባለታንኳ ከሐይቁ እንደ ወጣ ታንኳውን ዛፍ አስደግፎ ያቆመዋል፤ የጠጣው ውኃ ጠብ ጠብ ብሎ እስኪያልቅ፣ ፀሐይም እስኪያገኘው ድረስ አይነካውም። ለመቀመጫ ደግሞ ሌላ የደንገል እስር ውስጡ ይነጠፋል፤ እሱ ቤት ስለሚያድር ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ሸጋው ይህን ሁሉ ሳያጓድል ኖረ። ጎበዝ ቀዛፊም ነበር። አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ይሉኝታ። «አይሆንም» ማለት እንደ ስድብ ሆኖ ይከብደዋል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እመት ቀበሮ ከአንበሳ ግዳይ ላይ ሥጋ ስትሰርቅ ተያዘች። አንበሳው ያን ሰሞን ጥርሱን ታሞ ክፉኛ ይነጫነጭ ነበር። መዳፉን አንገቷ ላይ ጫነ። እሷም ከመዳፉ ሥር ሆና ማባበል ጀመረች። ለታመመ ጥርስ የጎሽ ሥጋ ምን ይሆናል፣ ለስላሳ የሚሆንልዎ የሐይቁ ሸርጣን ነው፣ ሌሊት ከደሴቱ ቋጥኝ ሥር ይወጣል፣ ነገ ፀሐይ ሳትወጣ አንድ ቅርጫት ሙሉ ካላመጣሁ ያን ጊዜ እንደ ወደዱ ያድርጉኝ አለችው። አንበሳው አሰበ። ሸርጣን ቀምሶ አያውቅም።

«ዋስ ጥሪ» አላት።

ቀበሮ ዙሪያዋን ቃኘች። ጉሬዛው ዛፍ ላይ ነበር፣ ከርከሮው ጭቃ ውስጥ፤ ሸጋው ደግሞ ራቅ ብሎ ሣር ይግጣል።

«ሸጋው ዋሴ ነው» አለች።

ሸጋው ቀና አለ። ሣሩ ባፉ ነው። ሁሉም ወደ እሱ ዞረው ያዩታል። አይደለሁም ሊል ፈለገ፤ ግን በጉባኤ ፊት እሷን ማሳጣት ከበደው፤ አንበሳውንም ፈራ። ሣሩን ዋጠና ዝም አለ።

«መልካም» አለ አንበሳው። «ሸርጣኑ ካልመጣ ጠዋት አህያውን እበላለሁ። ጥርሴን ቢያመኝም ለአህያ ሥጋ እጨክናለሁ።»

ፀሐይ ስትጠልቅ ሸጋው ታንኳው አጠገብ ቆሞ ነበር። ቀኑን ሙሉ ለደሴቱ ጦጣዎች ሾላ ሲያመላልስበት ስለ ዋለ ታንኳው ዋርካው ላይ ተደግፎ ገና ይንጠባጠባል። በሰኮናው ጫን ቢያደርገው እንደ ራሰ ጨርቅ ውኃ ተፋ። በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ነፋስ ግን የለም፤ ደንገሉ እንኳ አይወዛወዝም። ይህ ዝም ማለቱ ይበልጥ አስጨነቀው።

እመት ቀበሮ ቅርጫት ተሸክማ መጣች፤ አያ ጅቦ ተከትሏታል። ጅቡን የፈለገችው በጨለማ ስለሚያይና ጉልበት ስላለው ነው። ሸርጣን ጥንብ ስለሚወድ ቅርጫቱ ውስጥ የሚገባውን የበሰበሰ ሆድ ዕቃ እንዲያመጣም አዝዘዋለች። አያ ጅቦ ግን አፉን እየላሰ ነው የደረሰው።

«ሆድ ዕቃው የታለ?» አለችው።

«መንገድ ላይ ቀመስኩት፤ ሸርጣኑ ይወደው እንደሆነ ላረጋግጥ ብዬ።»

«እና?»

«ይወደዋል» አለ አያ ጅቦ።

ደግነቱ ጥቂት አንጀት ጥርሱ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀርቶ ነበር፤ እሱን ጎትተው አወጡና ቅርጫቱ ውስጥ አሰሩት።

ሸጋው ታንኳው እንዳልደረቀ፣ ሰማዩም እንዳላማረው ነገራቸው። ቀበሮም አልተቆጣችም። ጆሮው ሥር ተጠግታ በለሰለሰ ድምፅ፣ «አያ ሸጋው፣ እኔማ ልቅር ብል እቀራለሁ፤ እግር አለኝ፣ እሮጣለሁ። ጠዋት የሚፈለገው ዋሱ ነው» አለችው።

ሸጋው የአባቱ ቃል ትዝ አለው። ቀጥሎ የአንበሳው አፍ ትዝ አለው። ከሁለቱ የቀረበው የአንበሳው አፍ ነበረ። «አምላኬ፣ አንተ ታውቃለህ» ብሎ ታንኳውን ወደ ውኃው ገፋ።

ሐይቁ እስከ ደሴቱ ድረስ ተኝቶ ጠበቃቸው። ሸጋው በዝግታ ይቀዝፋል፣ ቀበሮ ከፊት ተቀምጣ መንገድ ታሳያለች፣ አያ ጅቦ መሐል ላይ ሆኖ ቅርጫቱን አቅፏል። ቋጥኙ ሥር ሲደርሱ ቅርጫቱን በገመድ አወረዱት። ጥቂት ቆይተው ቢስቡት ሸርጣኑ ተጠላልፎ ወጣ። ያን ጊዜ ሸጋው ትንሽ ተነፈሰ። ምናልባት እግዜር ረድቶኝ ያለ ጉድ እመለስ ይሆናል ብሎ አሰበ።

እንዲያ ሲል ሰኮናው እንደ ራሰ ተሰማው። ዝቅ ብሎ አየ። ታንኳው ሲነሡ ከነበረበት ወርዷል።

«በቃን፣ እንመለስ» አላቸው።

ቀበሮ እሺ ባለች ነበር፤ ለእሷ አንድ ቅርጫት ይበቃታል። አያ ጅቦ ግን ድርሻዬስ አለ። ለአንበሳው አንድ ቅርጫት ከሆነ ለእኔ ደግሞ ሌላ ያስፈልጋል ብሎ እየተጨቃጨቀ፣ ከቅርጫቱ አንድ ሸርጣን አውጥቶ ከነቅርፊቱ ቆረጠመ። ሁለተኛውን ሲያወጣ ሦስተኛው አፍንጫው ላይ ተንጠለጠለበት። እሱን ሲያላቅቁ፣ ሲጮህ፣ ሲያስታግሱት ጊዜው ሄደ። በዚህ መሐል ነው ነፋሱ የመጣው።

መጀመሪያ ከሩቅ እንደ ከብት መንጋ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ውኃው ነጭ ሆነ። መብረቁ ሲበራ ሸጋው ዳርቻውን ያየዋል፤ ሲጠፋ ደግሞ ወዴት እንደሆነ አያውቅም። ማዕበሉ ታንኳውን አንሥቶ ሲያፈርጠው የራሰው ደንገል ያቃስታል። ውኃው ሰኮናውን አለፈ፣ ቁርጭምጭሚቱን አለፈ፣ ወደ ጉልበቱ መጣ። ማሰሪያው ልጥም እየላላ ነው፤ በእግሩ ሥር ይሰማዋል። ሸጋው መቅዘፉን አላቆመም። እየቀዘፈ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው ጌታዬ፤ መሬት ብቻ አስረግጠኝ» እያለ ይጸልያል።

እመት ቀበሮ ግን አልጸለየችም። ታንኳው ከብዷል፣ አንድ ቢቀንስ ሁለቱ ይተርፋሉ ብላ አሰላች። ወደ ሸጋው ጠጋ አለችና፣ ጅቡ ሆዱን ሞልቶ ነው ያከበደን፣ በእግርህ ገፋ አድርገው ብላ ሹክ አለችው። ሸጋው መቅዘፉን ቀጠለ። ወደ ጅቡ ዞረችና ለእሱም ሹክ አለችው።

አያ ጅቦ ጥቂት አሰበና ጮክ ብሎ፣ «እመት ቀበሮ፣ ሸጋውን የምገፋው አሁን ነው ወይስ ቆይቼ?» አላት።

ቀበሮ ፊቷን ወደ ውኃው አዞረች። ነፋሱ ይጮኻል።

«አያ ጅቦ፣» አለ ሸጋው መቅዘፊያውን ሳይለቅ፣ «እኔን ከገፋኸኝ ማን ይቀዝፍልሃል?»

ጅቡ ይህን አላሰበውም ነበር። ገና እያሰበው ሳለ ትልቁ ማዕበል መጣ፤ ታንኳውም ከመሐሉ ተፈታ።

ሸጋው ከታንኳው በቀረው ላይ ቆሞ፣ የመቀመጫውን እስር በጥርሱ ያዘው። ደረቅ ሆኖ ነው የተሳፈረው፤ ላዩ ቢርስም ውስጡ ገና ውኃ አልጠጣም። ልጡን በጥሶ ሦስት ቦታ ከፈለው። አንዱን ለቀበሮ ሰጣት። ልታስገድለው እንደ ነበረ ያውቃል፤ ግን በዚያ ሰዓት ቂም ለመያዝ ጊዜ አልነበረም። አንዱን ለጅቡ ወረወረለት፤ አንዱን ራሱ አቀፈ።

አያ ጅቦ ደንገሉን አቅፎ ቅርጫቱንም አልለቅም አለ። እንዳይወሰድበት ብሎ ገመዱን አንገቱ ላይ አጥልቆት ነበር። ቅርጫቱ ውኃ ሲሞላ ወደ ታች ይስበዋል፤ ጭንቅላቱ ብቅ ይላል፣ ጥልቅ ይላል።

«ፍታው!» አለው ሸጋው።

«ድርሻዬ ነው» አለ ጅቡ፣ ውኃ እየጠጣ።

ያዳነው ሸርጣን ነው። ከቅርጫቱ አንዱ በገመዱ ላይ ወጥቶ የጅቡን አንገት እቆነጥጣለሁ ሲል ገመዱን ቆረጠው። ቅርጫቱ ሰጠመ፤ ሸርጣኖቹም ወደ ቤታቸው ሄዱ። ነፋሱ ሦስቱን እየገፋ ወደ ዳር ወሰዳቸው።

ሊነጋጋ ሲል ሸጋው እግሩ ጭቃ ነካ። ወጥቶ ወደቀ። መሬቱን ሳመና አምላኩን አመሰገነ። ግን ምስጋናውን ሳይጨርስ ትዝ አለው፤ ሸርጣኑ የለም፤ ፀሐይ ልትወጣ ነው።

ከአጠገቡ የማያውቀው አንድ ጉማሬ ሌሊቱን ሲግጥ አድሮ ወደ ውኃው ሊመለስ ነበር። አህያ በዚህ ሰዓት፣ እንዲህ ርሶ፣ ምን ሆኖ ነው ብሎ ጠየቀው። ሸጋው ሁሉንም ነገረው፤ ስለ ዋስነቱ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ታንኳው፣ ስለ ነፋሱ። ጉማሬው ሣሩን እያኘከ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ አንድ ነገር ብሎት፣ ስሙን እንኳ ሳይነግረው፣ ውኃው ውስጥ ገባ። ያለውን ቃል አሁን አልነግራችሁም፤ በኋላ ትሰሙታላችሁ። ሸጋው ግን ቃሉን ይዞ፣ ሊሸሽ ሲችል አልሸሸም፤ በቀጥታ ወደ አንበሳው ሄደ።

አንበሳው ጉንጩ አብጦ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ጉሬዛውና ከርከሮው አሉ። ቀበሮም ቀድማ ደርሳ፣ ከአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ተቀምጣለች፤ አህያው የት እንዳለ ልትጠቁም ነበር የመጣችው። ሸጋው ራሱ ሲመጣ ስታይ ጆሮዋ ዝቅ አለ።

«ሸርጣኑስ?» አለ አንበሳው።

«የለም ጌታዬ።»

«እንግዲያው ዋሱ አንተ ነህ፤ ቅረብ።»

 ሸጋው ቀና አለ።

«ዋስ አይደለሁም ጌታዬ። ቀበሮ ስሜን ጠራች እንጂ እኔ አፌን አልከፈትኩም። ዋስ የሚዋሰው ደግሞ በገዛ አፉ ነው። ይህን ትናንት መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። ዛሬም እፈራለሁ፤ ግን አልዋስም።»

አንበሳው በዳኝነቱ የሚኮራ ነበር። ወደ ምስክሮቹ ዞረና፣ ትናንት አህያው «ዋስ ነኝ» ሲል የሰማ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ጉሬዛው ጢሙን አሻሸ። «ሣር ሲያኝክ ሰምቼዋለሁ። ሌላ አልሰማሁም» አለ። ከርከሮውም በዚያው ጸና።

አንበሳው ያበጠ ጉንጩን በመዳፉ ደገፈ። 

«ትናንት ይህን ብትለኝ ኖሮ እኔም ጥርሴን ይዤ ሳልተኛ ባላደርኩ» አለ በመጨረሻ። «ሂድ። ቀበሮን ጥሯት።»

ቢያዩ ከጉድጓዱ አፍ ላይ የቀረው የጭራዋ ጫፍ ብቻ ነው፤ እሱም ወዲያው ገባ። ከዚያ ወዲህ ቀበሮ ከጉድጓዷ ስትወጣ መጀመሪያ ግራ ቀኟን ታያለች። አያ ጅቦ ግን አፍንጫው እንዳበጠ በሦስተኛው ቀን መጥቶ፣ የኔ ድርሻ ማን ጋ ነው የተቀመጠው ብሎ ሸጋውን ጠየቀው።

ሸጋው ያን ጊዜ አዲስ ደንገል አጭዶ፣ አዲስ ታንኳ አስሮ፣ አንዴ ውኃ አስነክቶት ዋርካው ላይ አቁሞት ነበር። አያ ጅቦም እስቲ ቋጥኙ ድረስ አድርሰኝ፣ ቅርጫቴን ልፈልግ አለው። ለመነው፤ ቆየት ብሎ ተቆጣው። ሸጋው ታንኳውን በሰኮናው ጫን አደረገው፤ ጥቂት ውኃ ጠብ አለ።

«አይሆንም አያ ጅቦ፤ አልደረቀም» አለውና ታንኳውን ወደ ፀሐዩ አዞረው።

ከዚህ የምንማረው፣ ሌላው በእኛ ስም ቃል ሲገባ ፈርተን ዝም ብንል ፍርሃቱ እንደማይቀንስልን ነው፤ ያ ስሙን ያልነገረው ጉማሬም ለሸጋው በዚያ ጎሕ የነገረው ቃል ይህ ነበር፦ «አልዋስም ብትል ኖሮ የምትፈራው አንድ አንበሳ ብቻ ነበር፤ ዝም ስላልህ ግን ውኃውንም ነፋሱንም ጨምረህ ስትፈራ አደርህ፤ አንበሳው እንደሆነ ዛሬም እዚያው ነው።»