ያልታየ ግርዶሽ

ተረት ተረት! ምነው ዝም አላችሁ? «የላም በረት» በሉ እንጂ! ጮክ ብላችሁ በሉት፤ ዛሬ በረቱ ሥራ አለው።

በድሮ ዘመን፣ በህንድ አገር፣ ወንዝ ዳር ባለች መንደር ማንጋል የሚባል ሰው ነበር። ሆዳም ነው። ምላሱ ደግሞ ከሆዱ ይብሳል። ሚስቱ ሱሺላ ትባላለች። እሷ ብዙ ትሰማለች፣ ትንሽ ትናገራለች።

ልጃቸው ኩሱም የሸክላ ሠሪውን ልጅ ወደደች፤ እሱም ወደዳት። ወላጆቹ ነገ ጠዋት ሊመጡ ቀጠሮ ተይዟል። በአገሩ ወግ ደግሞ ሁለቱ ቤተሰቦች ጣፋጭ ካልተጎራረሱ ነገሩ አለቀ አይባልም። ሱሺላ ያላትን ቅቤ አሟጥጣ፣ የሽምብራ ዱቄትና ስኳር ጨምራ፣ አሥራ ሁለት ድብልብል ጣፋጭ ሠራች። ላዱ ይሉታል። ሌላ ቅቤ በቤቱ የለም። እናንተዬ፣ ላዱው ከጠፋ ጋብቻውም ጠፋ ማለት ነው።

ላዱው በማለዳ የተሠራበት ቀን ደግሞ ጨረቃ የምትጋረድበት ቀን ነበር። በነሱ ሃይማኖት ጨረቃ ከመጋረዷ ዘጠኝ ሰዓት አስቀድሞ ጾም ይገባል። ምግብ አይበስልም፣ አይበላም፣ የመቅደሱም በር ይዘጋል። በተቀመጠው ምግብ ላይ ግርዶሹ እንዳያረክሰው የተቀደሰ የበሶብላ ቅጠል ጣል ያደርጉበታል። ግርዶሹ ሲያልፍ ሁሉም ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ ለድሃ ይሰጣል፣ ከዚያ ይበላል። ግርዶሹ በዚያ አገር የማይታይ ከሆነ ግን ጾሙም የለም። ባሕር ማዶ የሚታይ ግርዶሽ ለባሕር ማዶ ሰው ነው።

ማንጋል ይቺን «የማይታይ ከሆነ» የምትለዋን ቃል ያዛት። ሆዳም ቀዳዳ መቼ ያጣል!

ረፋድ ላይ ሆዱ ጮኸ። የመቅደሱ አገልጋይ ወደሆኑት ወደ ሽማግሌው ራምናት ሮጠ።

«አባባ፣ ደመና ቢሸፍናትስ? ላትታይ ነው፤ ልብላ?»

«ከደመናው በላይ አለች ልጄ። ጹም።»

ከቀትር በኋላ ሆዱ ጮኸ። ሮጠ።

«አባባ፣ ከተራራው ኋላ ብትቀርስ? ላትታይ ነው፤ ልብላ?»

«ተራራውን ትወጣዋለች ልጄ። ጹም።»

ሊመሽ ሲል ሆዱ አልጮኸም፤ አገሳ። ሮጠ።

«አባባ፣ ዓይነ ስውርስ? እሱ እኮ አያያትም!»

«ዓይነ ስውሩ ጎረቤትህ ከጠዋት ጀምሮ ይጾማል። እንዳንተም አልነዘነዘኝም። ሂድልኝ ከዚህ!» አሉ ሽማግሌው። ምን ያድርጉ፣ እሳቸውም እኮ ርቧቸዋል።

ማንጋል ግን ይዞ የሄደው ራሱ ያላትን «አያያትም» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ቤቱ ገባ፣ ጥምጣሙን ፈታ፣ ዓይኑን ጥፍር አድርጎ አሰረ።

«ሱሺላ! ያላየሁት ግርዶሽ ለእኔ ግርዶሽ አይደለም። ላዱውን አምጪ!»

ሱሺላ ክው አለች። «ኧረ ባክህ፣ የልጅህ ነገር ነው!»

«አንድ ብቻ።»

«አንድ ብለህ ጀምረህ አንድ አስተርፈህ ታውቃለህ?»

«ካላመጣሽ እኔው ዳብሼ አገኘዋለሁ!»

እንባዋ መጣ። ኩሱም ጥግ ይዛ ከንፈሯን ነክሳለች። ሱሺላ ልጇን አየቻት፣ ባሏን አየችው፣ ጥምጣሙን አየችው። እንባዋን ጠረገች።

«በደንብ አስረኸዋል?»

«በደንብ!»

«ምንም አታይም?»

«ምንም!»

«እንግዲያው ቁጭ በል፣ እኔው አመጣልሃለሁ» አለችና ወጣች።

ወዴት ሄደች? ... የላም በረት! ጎበዞች! ትኩስ እበት ዘግና ድብልብል አደረገች፣ እንዳይሸት ሄል ነሰነሰችበት፣ በላዱው ሳህን አቀረበችለት።

ማንጋል አንዱን ሙሉውን ጎረሰ። አንድ ጊዜ አላመጠ። ሁለት ጊዜ አላመጠ። ሦስተኛው ላይ ቆመ።

«ሱሺላ! እበት ነው!»

«አየኸው?»

«ዓይኔ ታስሮ በምን አየዋለሁ!»

«ያላየኸው እበት እበት አይደለም። ዋጠው።»

እጁን ወደ ጥምጣሙ ሰደደ።

«ፍታው» አለች ሱሺላ። «ግን በሩ ክፍት ነው፤ ጨረቃዋም ፊት ለፊትህ ናት፣ ግማሿ ጨልሟል። ካየሃት ጾሙ ያዘህ። ካላየሃት አፍህ ውስጥ ያለው ላዱ ነው። ምረጥ።»

ጉድ ፈላ! ጉንጩ እንደተነፋ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ጥምጣሙን ቦጭቆ ጣለ፣ ጨረቃዋን አየ፣ እበቱን ተፋ፣ ወደ ወንዙ ተፈተለከ። ግርዶሹ አልፎ የመንደሩ ሰው ለመታጠብ ሲወርድ፣ ማንጋል አንገቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ አፉን ይጉመጠመጣል።

«ማንጋል! ምነው ዛሬ ሁላችንንም ቀደምከን?» አሉት ራምናት።

«ለጽድቅ ነው አባባ» አለ።

ሲነጋ እንግዶቹ መጡ። አሥራ ሁለቱም ላዱ የበሶብላ ቅጠላቸውን እንደያዙ ቀረቡ። የልጁ እናት አንዱን አንስተው ወደ ማንጋል አፍ ዘረጉ። ማንጋል አልጎረሰም። ተቀበላቸው፣ አገላበጠው፣ አሸተተው፣ ወደ ፀሐይ ይዞ አየው።

የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ። «ምነው ጌታዬ፣ ናቁን እንዴ?»

ኩሱም ወደ እናቷ ዞረች።

«ኧረ በፍጹም እመቤቴ!» አለች ሱሺላ። «ትናንት በግርዶሹ ተስሎ ነው። ከእንግዲህ ያላየውን አይጎርስም።»

«አቤት ሃይማኖተኛ!» አሉ ሴትዮዋ በአድናቆት። ማንጋል ዓይኑን አፍጥጦ ጎረሰ። አልቀረም፣ ተጎራረሱ፤ ኩሱምም የወደደችውን አገባች።

አያችሁ ልጆቼ፣ ዓይን መጨፈን ሕግ አያስቀርም፤ የጨፈነ ሰው የሚቀርበት የሚጎርሰውን ማየት ብቻ ነው።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ። ዳቦውን ግን አስቀድማችሁ አሳዩኝ!