ወታደሩ ቤቱ ደረሰ ወይ?

አንድ ጡረተኛ ነበረ። እሱም እንዳንተ የድሮ የሩሲያ አጫጭር ታሪኮችን ከኢንተርኔት በነፃ ያወርዳል። ስልኩ ላይ አራት መቶ ያህል ነበሩት። «ግራ ሲገባኝ ትቼው ሌላ ብከፍት ምን አለበት?» ብለህ ጠየቅኸኝ አይደል? እሱም እንደዚያው ነበር የሚለው። እስቲ ሳታቋርጠኝ ስማኝ።

ይህ ሰው ድንበሩ የሚባል፣ አልጋ ላይ የዋለ ጓደኛ ነበረው። የድንበሩ ዓይን ስለደከመ በየቀኑ እየሄደ ያነብለታል። አንድ ቀን ፓቬል ኢግናትየቪች ስለሚባል ወታደር ጀመረለት። ወታደሩ ቆስሎ፣ በበረዶ ውስጥ በእግሩ ወደ እናቱ ቤት ይጓዛል። ድንበሩ ትራሱን ተደግፎ ጆሮውን ሰጠ፤ የእሱም ልጅ ዘምቶ አልተመለሰም።

መጨረሻው ገጽ ላይ እናትየው በሩን ከፍታ «ፓሻ» አለች፤ አቅፋም አለቀሰች። አንባቢው ግራ ገባው። ይሄ ፓሻ ደግሞ ከየት መጣ? ወደ ኋላ እየመለሰ ፈለገ፣ የለም።

«በነፃ የተገኘ ነገር እኮ ነው፤ የሌላ ታሪክ ገጽ ተቀላቅሎበት ይሆናል» አለና ሌላ ከፈተ።

«ወታደሩ ቤቱ ደረሰ ወይ?» አለ ድንበሩ።

«እንጃ። ተወው ባክህ፣ ስንት ታሪክ አለ።»

በማግስቱም ጠየቀው። ከዚያም ወዲያ ጠየቀው። በሳምንቱ ሞተ።

በፍትሐቱ ላይ ካህኑ ደጋግመው «ወልደ ሰንበት» ይላሉ። ሰውየው ተደናገረና አጠገቡ የቆመውን ጎረቤት «ሌላም የሞተ ሰው አለ እንዴ?» አለው።

«ምን ነካህ? የድንበሩ የክርስትና ስሙ እኮ ነው።»

አርባ ዓመት አብረው ሲኖሩ ይህን ስም ሰምቶት አያውቅም። ያን ጊዜ ፓሻ ማን እንደሆነ ገባው። ፓቬልን እናቱ የምትጠራበት ስም ነው። ወታደሩ ቤቱ ደርሷል፤ ይህንንም በገዛ አፉ አንብቦታል። ጓደኛው ግን ሳያውቀው ሄደ። ሰውየው እዚያው ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አንተም ልጄ፣ ያው እሱን ነህ። ግራ መጋባት አያሳፍርም፤ እኔም በእነዚያ ስሞች እስከ ዛሬ እደናገራለሁ። አንተ ግን ልክ ግራ ሲገባህ ጥለኸው ትነሣለህ፤ ምናልባት ወታደሩ የሚደርሰው እዚያ ገጽ ላይ ነው። የማነበው ለአባቴ ነው አላልከኝም? በል ተነሥ፤ ትናንት ያቋረጥክባቸውን ታሪክ ዛሬውኑ ጨርስላቸው።