ስንዱና ጨለማ የፈራው ማርሽ

ኑ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ከራቃችሁ አትሰሙኝም። ብርቄ፣ እግርሽን ሰብስቢ።

ስንዱ የምትባል ልጅ ነበረች፣ ሰርከስ ውስጥ ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት የምትነዳ። እናቷ ከሜዳው ማዶ ታማ ስሟን ትጠራለች። ሜዳው ደግሞ የጅብ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ያላለፈው፣ አላለፈውም።

ምን አልሽ ብርቄ? ለምን ባለ ሁለቱን አትነዳም? አትችልማ። ባለ ሁለቱ ላይ ስትወጣ ትወድቃለች።

ብስክሌት ጠጋኙን "ጋሼ ድልነሳው፣ ሩቅ የሚያደርስ ጎማ ይሥሩልኝ" አለችው።

"ትልቁ ጎማ ሜዳ ላይ ይሮጣል፣ አቀበት ላይ ግን ያስለቅስሻል። ትንሹን ያዢ። እምብርቱ ውስጥ ማርሽ እንክተትበት፤ አንዴ ስትረግጪ ሁለቴ ይዞርልሻል።"

ማርሹ ግን "እዚያ ውስጥ ጨለማ ነው፣ እፈራለሁ" አለ። ማርሹ አልገባ፣ ስንዱ አልሄደች፣ ፀሐይ ግን ትሄዳለች።

መዶሻውን "ማርሹን ምታልኝ" አለችው። "ጥርሱን አላየሽም? እፈራለሁ።" መዶሻው አልመታ፣ ማርሹ አልገባ፣ ስንዱ አልሄደች፣ ፀሐይ ግን ትሄዳለች።

እሳቱን "የመዶሻውን እጀታ አቃጥልልኝ" አለችው። "ፍሜን ቢበትነውስ? እፈራለሁ።" እሳቱ አላቃጠለ፣ መዶሻው አልመታ፣ ማርሹ አልገባ፣ ስንዱ አልሄደች፣ ፀሐይ ግን ትሄዳለች።

ማርሽ አልባ ጎማዋን እየረገጠች ወደ ኩሬው ወረደች። "ውሃ፣ እሳቱን አጥፋልኝ።" "እንፋሎት ሆኜ ብቀርስ? እፈራለሁ።" ውሃው አላጠፋ፣ እሳቱ አላቃጠለ፣ መዶሻው አልመታ፣ ማርሹ አልገባ፣ ስንዱ አልሄደች፣ ፀሐይ ግን ትሄዳለች።

ቀና ስትል፣ ከኩሬው ማዶ ጅቡ ቆሟል። ያዙኝ እስቲ፣ እኔንም ብርድ ብርድ አለኝ። ወርዳ ብትሮጥ አታመልጠውም። ቀጥ ብላ ብትቆም ትወድቃለች። ስለዚህ ጎማዋ ላይ እንዳለች ወደፊት ወደኋላ፣ ወደፊት ወደኋላ።

"አያ ጅቦ፣ ውሃውን ጠጣልኝ።"

"ውስጡ አንድ ክፉ ጅብ ያፈጥብኛል፣ እፈራለሁ።"

ጅቡ አልጠጣ፣ ውሃው አላጠፋ፣ እሳቱ አላቃጠለ፣ መዶሻው አልመታ፣ ማርሹ አልገባ፣ ስንዱ አልሄደች፣ ፀሐይ ግን ትሄዳለች።

ጅቡ ጎማዋን አየ። ባንድ እግሩ ቆሞ የማይወድቅ ነገር አይቶ አያውቅም።

"ቆይ፣ ሌላው እግርሽ የት ሄደ?"

ስንዱ ጎማዋን ወደፊት ወደኋላ እያለች፣ "ጅብ በላብኝ። የትኛው እንደሆነ ልፈልግ ነው የመጣሁት።"

"እኔ አይደለሁም። እጠጣልሻለሁ፣ አጠገቤ ብቻ አትምጪ" አለና ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ውሃው ላይ ደፋ። ስንዱም ጎማዋን እየረገጠች ወደ ድልነሳው ተመለሰች።

ጅቡ ውሃውን ሊጠጣው፣ ውሃው እሳቱን ሊያጠፋው፣ እሳቱ መዶሻውን ሊያቃጥለው፣ መዶሻው ማርሹን ሊመታው ሲል፣ ማርሹ "ኧረ ገባሁ" ብሎ ዘሎ እምብርቱ ውስጥ ቁጭ አለ።

ድልነሳው ቡሎኑን አጠበቀላት። አንዴ ስትረግጥ ሁለቴ ዞረ። ዘወር ብላ አላየችም። በስተኋላዋ ሣሩ ሲንሿሿ ትሰማለች፣ ትረግጣለች። የእናቷ ደጃፍ ስትደርስ ፀሐይ የጣት ያህል ቀርታለች።

"ማነው?" አለች እናትየዋ።

"እኔ ነኝ እማ።"

እናትየዋ ተሻላት፣ ብዙ ቆይታ በእርጅና ሞተች። ስንዱ እዚያው አግብታ ቀረች። ድልነሳው አሁንም ጎማ ይጠግናል። ጅቡ ያንን ኩሬ ትቶ ሌላ አገር ገባ። ማርሹም ጨለማውን ለመደው።