ሣጥን ውስጥ የተገኘው አቡጀዲ

የቆማችሁ ወደ ጥላው ጠጋ በሉ። እናቶች፣ የመጣችሁበትን ድካም እመቤታችን ትቁጠርላችሁ። ፀሐዩ ከርሯል፤ አላቆያችሁም። አንድ ታሪክ ብቻ ነው የምነግራችሁ። ግን አደራ፣ «ይህቺ እገሊት ትሆን እንዴ?» እያላችሁ እርስ በርስ አትተያዩ። የምነግራችሁ መጠርጠር ያመጣብንን ጣጣ ነው። እየሰማችሁኝ መጠርጠር ከጀመራችሁማ ምኑን ሰበክሁት!

አንዲት እናት ነበሩ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው። ባላቸውን ቀብረው፣ አምስት ልጅ አሳድገው ድረው፣ ከመጨረሻ ልጃቸው ከአስካለ ጋር ይኖራሉ። ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት። እንዲህ ያሉ እናት በምን ይጠረጠራሉ?

ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ፣ አስካለ ብርድ ልብስ ልታወጣ የእናቷን ሣጥን ከፈተች። ከሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነጭ አቡጀዲ አገኘች። አዲስ ነው፤ መቀስ አልነካውም።

እስቲ ልጠይቃችሁ። የሰባ ሁለት ዓመት እናታችሁ ሣጥን ውስጥ ነጭ አቡጀዲ ተደብቆ ብታገኙ ምን ትላላችሁ? ሁላችሁም በልባችሁ «መግነዝ ነው» ብላችኋል። አስካለም ያለችው ይህንኑ ነው። ሣጥኑ አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰችና ወንድሟ ምትኩ ጋ ደወለች። «እማዬ መገነዣዋን ገዝታለች። የደበቀችን በሽታ አለ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ እናትየው ቢያስሉ ተጠረጠሩ፣ ዝም ቢሉ ተጠረጠሩ። ማክሰኞና ሐሙስ ከምሳ በኋላ ይወጣሉ። «የት ነበርሽ?» ሲባሉ «እዚሁ» ይላሉ። እዚሁ የት? አንድ ሐሙስ ደግሞ መዳፋቸውን ጨው ባለው ለብ ያለ ውኃ ሲዘፈዝፉ አስካለ አየቻቸው። መዳፋቸው አብጦ ቀልቷል።

«ስግደት ነው» አለች ለወንድሟ።

«መዳፍ እስኪያብጥ የሚያሰግድ ምን ሠርታ ነው?» አለ ምትኩ።

በጥር ወር ደግሞ አቡጀዲው ከሣጥኑ ጠፋ! በሉ እንግዲህ! ሰው መግነዙን አስቀምጦ ይጠብቃል እንጂ ይዞት የት ይሄዳል? «ጠንቋይ ቤት ወስዳው ይሆን እንዴ?» አለች አስካለ። ያለችውን ራሷ ፈርታ አማተበች።

ይሄኔ እኔን ጠሩኝ። የንስሐ አባታቸው ነኝ። እናንተ አታውቁኝም፤ ደብሬ ከወንዙ ማዶ ነው። ሄድሁ። ልጆቹን አስወጥቼ ከእናትየው ጋር ተቀመጥሁ።

«እማማ፣ ከእኔ የደበቁት ነገር አለ?»

ሳቅ አሉ። «አለ አባ» አሉኝ።

«ኃጢአት ነው?»

«ኃጢአት ቢሆንማ ለእርስዎ ነግሬ በተገላገልሁ ነበር። ኃጢአት አይደለም። ጥቂት ቀን ይታገሡኝ፤ እነግርዎታለሁ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅር አለኝ። ተናደድሁም። እኔ የማላውቀው ምን ምሥጢር አላቸው? አልሁ። ሐና ልጅ አጥታ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትጸልይ፣ ካህኑ ዔሊ «ሰክራለች» ብሎ አልጠረጠራትም? ስንት ጊዜ በዚህ ታሪክ ዔሊን ወቅሼ ሰብኬያለሁ መሰላችሁ! ተራው ሲደርሰኝ እኔም ዔሊ ሆኜ አረፍሁት።

ልጆቹ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አስያዙ። ቀጠሮው የካቲት ዐሥራ ስድስት ዋለ። የዚችው የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ዕለት ማለት ነው። እናትየው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ልጆቼ፣ ስለ እመቤታችን ብላችሁ በዐሥራ ሰባት ይሁንልኝ» ብለው ለመኑ።

ምትኩ አፈጠጠባቸው። «በዐሥራ ስድስት ምን ልታደርጊ ነው?»

እኔም እዚያው ነበርሁና እናትየው ወደ እኔ ዞሩ። እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? «በሽታ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ዛሬ ነገ አይበሉ» አልሁ። እኔ ነኝ ያልሁት! እሳቸው ለአባት ቃል ይታዘዛሉ፤ አንገታቸውን ደፉ።

የካቲት ዐሥራ ስድስት ረፋድ ላይ በምትኩ መኪና ወጣን። እኔ ፊት ወንበር፣ እናትና ልጅ ከኋላ። እዚህ ታች አደባባዩ ጋ ስንደርስ መንገዱ በሕዝብ ተዘግቷል። መኪናው ቆመ። ከዚህ ግቢ የከበሮው ድምፅ ይሰማል።

«በሩን ክፈቱልኝ፤ ልውረድ» አሉ እናትየው።

«ልታመልጠን ነው» ብሎ ምትኩ በሩን ቆለፈው።

ልጅ በእናቱ ላይ በር ቆለፈ። እኔም ፊት ወንበር ተቀምጬ ዝም አልሁ። ይህንን ስነግራችሁ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ጥቂት ቆይቶ አስካለ ጮኸች። «አባ! ይዩዋት! እጇ እየተንቀጠቀጠ ነው!»

ዞሬ አየሁ። ሁለቱ እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ይነሣሉ፣ ይወድቃሉ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ ቀኝ። ከውጭ ያለው ከበሮ ሲፈጥን ይፈጥናሉ፣ ሲረግብ ይረግባሉ። እንባቸው ይወርዳል።

«አልተንቀጠቀጠም፤ እየመታሁ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገሩን። በዐሥራ አራት ዓመታቸው ሰንበት ትምህርት ቤት ገብተው፣ ለንግሥ ከበሮ እንዲያነግቱ ተመርጠው ነበር። ንግሡ ሳይደርስ ዳሯቸው። ከዚያ አማት አለች፣ ኋላ ልጅ መጣ። «ልጆቹ ይደጉ» አሉ። አደጉ። «ይዳሩ» አሉ። ተዳሩ። ባል ታመመ፣ አስታመሙ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በየንግሡ ዳር ቆመው ሲያጨበጭቡ ኖሩ። በደብራችን ቢጀምሩ «በእርጅናዋ ልትጨፍር» እንዳይባሉ፣ ወንዝ ተሻግረው ከእናንተ የእናቶች መዘምራን ጋር ገቡ። ያበጠው መዳፍ የከበሮው ነው። አቡጀዲውም የመዘምራን ቀሚስ ሊሆን ሰፊ ቤት ሄዶ ነበር። ያን ዕለት ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ እዚህ አዳራሽ ተሰቅሎ ይጠብቃቸዋል።

ምትኩ መኪናውን አዞረው። ጥሩምባ እየነፋ፣ ሰዉን እየለመነ ወደዚህ ነዳ። ምን ያደርጋል? ሕዝቡ መንገድ ሞልቶ እየወጣ ነው። በሩ ላይ ስንደርስ ከበሮው ዝም ብሏል። መዘምራኑ ቀሚሳቸውን እያወለቁ ነበር።

ምትኩ እግራቸው ላይ ወድቆ አለቀሰ። ራሱን ዳበስ አደረጉትና እኔን አዩኝ።

«አባ፣ መገነዣ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ማን ይከለክለኝ ነበር?» አሉኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ?

ምእመናን፣ ይህ ነገር በየቤታችን አለ። ሽማግሌ አባታችሁ አዲስ ጫማ ሲገዛ «ምን አስቦ ነው?» ትላላችሁ። እናታችሁ በመስኮት አይታ ስትስቅ ትጠረጥራላችሁ። ስታዝን ግን አትጠረጥሩም! ስትታመም አትጠረጥሩም! መድኃኒቷን በሰዓቱ ትሰጣላችሁ፣ ጋቢዋን ታለብሳላችሁ። ደግ አደረጋችሁ። ግን «እማዬ፣ ልጅ ሳለሽ ምን መሆን ትመኚ ነበር?» ያላችኋት መቼ ነው? እኔ ለሃያ ዓመት ኃጢአታቸውን ስጠይቃቸው ኖሬ ምኞታቸውን አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

እናንተስ፣ ጠጉራችሁ የነጣው? እናንተንም አልምራችሁም! ራሳችሁን የምትጠረጥሩ እናንተው ናችሁ። «በዚህ ዕድሜዬ?» ትላላችሁ። የሙሴ እኅት ማርያም ባሕሩን ተሻግራ ከበሮ ስታነሣ ስንት ዓመቷ ነበር? ሙሴ ራሱ ሰማንያ ነበር፤ እሷ ደግሞ ቅርጫቱን ከወንዝ ዳር ቆማ የጠበቀች ታላቁ ናት። ቁጠሩት እንግዲህ! ሣጥናችሁ ውስጥ ያለው ነጭ ጨርቅ ለምን ተቀመጠ? ለመቀበሪያ ብቻ ነው?

ዛሬ ደግሞ የካቲት ዐሥራ ስድስት ነው። ከደብሬ ወንዝ ተሻግሬ የመጣሁት ለመስበክ ብቻ አይደለም፤ ይቅርታ ልጠይቅ ነው። በእኛ ጥርጣሬ አንዲት የሰባ ሁለት ዓመት እናት አንድ ሙሉ ዓመት ጠበቁ። ለእናንተ አንድ ዓመት ምንም ላይሆን ይችላል። ለሳቸው ግን ይነጋ አይነጋ የማያውቁት ዓመት ነበር። እግዚአብሔር ግን አቆየልኝ።

ዛሬ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ አገኘኋቸው። ቀሚሱን ለብሰዋል፤ አስካለ ማንገቻውን ታስተካክልላቸዋለች። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ስለ እርስዎ ልሰብክ ነው» አልኋቸው።

«ይቅር ብያለሁ አባ። ስብከቱን ግን አያስረዝሙብኝ፤ እኔ ጊዜ የለኝም» አሉኝ።

እኔ ጨርሻለሁ። መንገድ ልቀቁላቸው። እናቴ፣ ይምጡ፤ ከበሮውን ያንሡ።