የአሮጊቷ ምርቃት

በመልኩ የሚኮራው ጎረምሳ፣ ፊታውራሪ አጥናፌ፣ በተሾመ ማግስት አገሩን ሰብስቦ ግብር አበላ። ሰዉ እየበላ ሳለ አንዲት አሮጊት በትራቸውን ተመርኩዘው ገቡ። እንግዶቹ “ኖር!” ብለው ሊነሡላቸው ሲሉ ፊታውራሪ ጮኸ።

“ቁጭ በሉ! ይቺ የቁም ሬሳ ናት፤ ለሬሳ ማን ይነሣል? ያ የተጨማደደ ፊቷ ምግቤን እንዳያስጠላኝ በሩ ጥግ አስቀምጧት!”

አሮጊቷ እንዲህ ያለ ስንቱን ባለጌ ሹም ቀብረዋልና በሩ ጥግ ሄደው ተቀመጡ።

ተበልቶ ሲያበቃ መራቂ ተፈለገ። ደንቡ ታላቅ ይመርቃል ነው፤ በአዳራሹ ደግሞ ከእሳቸው የሚበልጥ ታላቅ አልነበረም። ፊታውራሪ እየቀፈፈው፣ “በይ መርቂ፤ ደስ የሚለኝን ካልመረቅሽ ግን ውሾቼን እለቅብሻለሁ!” አለ።

አሮጊቷ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ።

“ጌታዬ፣ እግዚአብሔር እንደኔ ያለ የተጨማደደ ፊት አይስጥዎ!”

“አሜን!” አለ ፊታውራሪ ደስ ብሎት።

“ይህ ጠጉርዎ ሽበት አይየው!”

“አሜን!”

“ወገብዎ አይጉበጥ፣ በትርም አይያዙ!”

“አሜን! አሜን!” አለና ዘወር ሲል ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። “ምነው፣ እናንተስ አሜን አትሉም?”

“እንዴት ብለው ይበሉ ጌታዬ?” አሉ አሮጊቷ ወደ በሩ እያዘገሙ። “እነሱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ለሽበት አብቃን እያሉ የሚለምኑ ናቸው። ከዚህ ሁሉ የሚያመልጠው በጎረምሳነቱ የተቀጨ ብቻ መሆኑን ያውቃሉ። አይዞዎ፣ በአገራችን ለሬሳም ይነሣል፤ የእርስዎ ሲያልፍ ሁላችንም ብድግ እንላለን።”