የስጋጃ ሠሪዋ ግድግዳ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ቤቷን ለመሸጥ ቆርጣ ተነሳች።

እትዬ አስካለ ወሬውን እንዲህ በአጭሩ የጀመሩት ፀዳለ ላመጣችላቸው ጥያቄ መልስ አድርገው ነው። ፀዳለ የድሮ ተማሪያቸው ናት። በከተማው የይዞታ መዝገብ ቤት አራት ዓመት ሠርታለች፤ ተዘበራርቀው የኖሩትን ከስምንት ሺህ በላይ ማኅደሮች አንድ በአንድ አንብባ፣ ለይታ፣ ቁጥር ሰጥታ መልክ ያስያዘቻቸው እሷ ናት። አሁን የክፍሉ ኃላፊነት ቦታ ተከፍቶ፣ የሚወዳደሩት ሁሉ ሰኞ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ስለ ሥራቸው እንዲያስረዱ ተጠርተዋል። እሷ ግን መቅረቡን ፈራችው። «እትዬ፣ በደንብ የተሠራ ሥራ ራሱ አይናገርም ወይ? እኔ ቆሜ ማውራት ለምን ያስፈልገኛል?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ሴትዮዋ ስጋጃ ሠሪ ነበረች። ብርድ በማይለቃት አንዲት የደጋ ከተማ ውስጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው ስጋጃ ቤት ተቀጥራ የበግ ፀጉር ስትቋጥር ኖራለች። የስጋጃ ቤቱ ባለቤት አርጅተው ሥራውን ሊተዉ ሲያስቡ አስቀድመው የነገሩት ለእሷ ነው። «ከማንም ይልቅ አንቺ ብትይዥው ደስ ይለኛል። እስከ መስቀል እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ለመጣ ሰው እሸጠዋለሁ» አሏት። ቤቷ ደህና ዋጋ ካወጣ ስጋጃ ቤቱ የእሷ ይሆናል፤ ከጓሮው ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥም ትኖራለች። ካላወጣ ደግሞ ለማታውቀው አለቃ ስትቋጥር ዓይኗ ይደክማል። ነገሩ ይኸው ነበር።

ቤቱ የጭቃ ቤት ነው። ከሞተ ባሏ ጋር የሠሩት፣ ሰፊ፣ ፀሐይ የሚገባው ቤት ነው። በሽታው ከታች ነበር። ሠላሳ ክረምት ሙሉ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ የግድግዳውን እግር ሲደበድበው ኖሯል፤ ቋሚዎቹንም መሬት ከሚነኩበት ላይ ምስጥ በልቷቸዋል። ከአልጋዋ ኋላ ባለው ጥግ ጣቷን ወደ ግድግዳው ብትሰድ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ይገባል። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ደላላ አስጠራች። ደላላው ግቢውን ዞሮ አየና ያጠራቀመችው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ጠየቃት። ነገረችው።

«ይበቃል እትዬ» አላት። «ፊት ለፊቱን ሲሚንቶ እናለብሰዋለን፤ ከመንገድ ላይ ሲያዩት ብሎኬት ይመስላል። ሳሎኑን ኮርኒስ ያስመቱ። የግቢውን በር ደግሞ የአንበሳ ራስ ያለበት ብረት ያድርጉት። ገዢ በዓይኑ ነው የሚገዛው።»

«ታቹስ? ታቹን እኮ ምስጥ በልቶታል።»

«ውስጡን ማን ያያል? እኔ እንግዲህ አሥር ዓመት ስደልል ራጅ ይዞ ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው አላጋጠመኝም።»

ሳቀች። ቀልዱ ያስቅ ነበር። ደግሞም ደላላው ዝም ብሎ አልተናገረም፤ ከማዶ ያለው ሀብታም ነጋዴ እሱ እንዳለው አድርጎ ነበር። የእሱም ቤት ለሽያጭ ቀርቧል። ፊቱ በሴራሚክ ተሸልሟል፤ በሩ ላይ ሁለት አንበሶች አፋቸውን ከፍተው አላፊ አግዳሚውን ያያሉ።

ያን ሌሊት ስታሰላስል አደረች። ገንዘቧ ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው፤ ወይ ለፊቱ፣ ወይ ለእግሩ። ስጋጃ የሚያውቅ ገዢ ደግሞ ፊቱን አይቶ አይገዛም። ይገለብጠዋል። ጀርባውን ገልብጦ ቋጠሮውን በጥፍሩ ይፈትሻል፤ የላላ እንደሆነ፣ ረድፉ የተዛባ እንደሆነ፣ ጀርባው አይደብቅም። ይህች ሴት በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሲገለበጥ ያሳፈራት አንድም ስጋጃ ከእጇ አልወጣም። ቤቷ የመጀመሪያው እንዲሆን አልፈለገችም።

አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ፈልጋ አመጣች። ሽማግሌው ግድግዳውን በእጃቸው ዳበሱና፣ «ልጄ፣ ይኼ ቤት ቆሞ ያለው በልማድ ነው» አሏት። ሦስት ሳምንት ሠሩ። በግድግዳው ዙሪያ ከታች አንድ ክንድ ያህል ምርጊቱን አፈረሱ። የተበሉትን ቋሚዎች በየተራ እየደገፉ ቆረጡና የጽድ እንጨት ቀጠሉባቸው፤ እንጨቱ መሬት እንዳይነካ ከሥሩ ጥርብ ድንጋይ አስገቡ። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ስምንት ቀን እስኪብላላ ተጠበቀ። ቆርቆሮው ጫፍ ላይ አሸንዳ ተሰቀለ፤ ውሃው ወደ ውጭ የሚሄድበት ቦይ ተቆፈረ። እሷም ከስጋጃ ቤት ስትመለስ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃ ትረግጥ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ገንዘቡም አለቀ፤ የተረፈው ለአንድ እጅ ኖራ ብቻ ነበር።

ከመመረጉ በፊት ሽማግሌው ቆም ብለው፣ «አንዲት ቦታ ክፍት ልተውልሽ? የመጣ ሰው አይቶ እንዲያምን» አሏት።

«ምን አደከመዎ አባባ። ይድፈኑት። ደህና ሥራ ራሱ ይናገራል» አለች።

ሽማግሌው ትከሻቸውን ነቅንቀው ደፈኑት። ኖራው ከላይ እስከ ታች ተቀባ። ቤቱ ነጭ ሆነ፤ ከነጭነቱ በቀር ግን ያው የድሮው ቤት ነበር። ነጋዴው ጎረቤቷ በአንበሶቹ መካከል ብቅ ብሎ፣ «አንቺ ሴት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትቆፍሪ የከረምሽው ለዚህ ነው? እኔ እኮ ወርቅ ያገኘሽ መስሎኝ ነበር» አላት። እሷም ፈገግ ብላ ገባች። መልስ ነበራት፤ ግን እንዲህ ሠራሁ ብሎ መናገር ጉራ መስሎ ታያት።

ክረምቱ ገባ። የመጀመሪያው ገዢ ከበሩ ላይ ቆሞ አየና ስልክ መጣልኝ ብሎ ሄደ። ሁለተኛው ለመሬቱ ብቻ የሚሆን ዋጋ ሰጠ፤ «ቤቱን እንደሆነ አፈርሰዋለሁ» አለ። ደላላው ከጎኑ ቆሞ «እኔ ምን አልኩዎ?» በሚል ዓይን ያያታል። በነሐሴ መጀመሪያ የነጋዴው ቤት ተሸጠ፤ እኔ ልዋሽሽ አልችልም ፀዳለ፣ ጥሩ ዋጋ ነው ያወጣው። የስጋጃ ቤቱ ባለቤትም አንድ ቀን ሳል እያቋረጣቸው፣ «አንድ የከተማ ሰው መጥቶ ሲያይ ነበር» አሏት።  እሷ ግን እጇ ላይ ያለው ቋጠሮ ጠፋባት፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም።

በነሐሴ አጋማሽ ዝናቡ እየወረደ አንድ ጡረተኛ ሾፌር ከሚስቱ ጋር መጣ። ደላላው ጃንጥላውን እያራገፈ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጎረቤቱ ደግነት ያወራል። ሰውየው ቤቱን ወዶታል። ሚስቱ ግን መዳፏን በነጩ ግድግዳ ላይ ከላይ ወደ ታች ታሻሻለች።

«አዲስ ኖራ እፈራለሁ» አለች በመጨረሻ። «ያኛው ቤታችንም ስንገዛው እንዲህ ነጭ ነበር። በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው አልጋችን ላይ ወደቀ። እኛ ለቅሶ ሄደን ነው የተረፍነው። ሟቿን እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።»

«ይኼኛው እንኳ...» ብሎ ደላላው ጀመረ።

«ተወኝ ወንድሜ። ያኛውም ደላላ ይኼኛው እንኳ ብሎ ነበር» አለችና ወደ በሩ ዞረች። ባሏም ተከተላት።

ስጋጃ ሠሪዋ ከጥጉ ቆማ ታይ ነበር። ዓይኗ ያረፈው በሴትየዋ እጅ ላይ ነው። ያ እጅ ግድግዳውን የሚያሻሸው፣ ጀማሪ ገዢ የስጋጃን ፊት እንደሚያሻሽ ነበር፤ ምክንያቱም ግድግዳው የሚገለበጥበት ጠርዝ የለውም። ዳር እስከ ዳር ሸፍና ያስቀረችው ደግሞ ራሷ ናት። የተበላ እንጨት የደበቀ ሰውና ደህና እንጨት የደበቀ ሰው ለገዢ ዓይን አንድ ናቸው፤ ከማዶ የነበረው ነጋዴ በሴራሚክ የሸፈነውን፣ እሷ በዝምታ ሸፍናዋለች።

«ትንሽ ቆዩ» አለች።

ከጓሮ ዶማ ይዛ ተመለሰች። ደላላው ነገሩ ገብቶት «እትዬ! ኧረ እግዜርን ይፍሩ!» ብሎ ሳይጨርስ፣ ዶማው ነጩ ግድግዳ ላይ አረፈ። ኖራው ተሰነጠቀ፤ የደረቀ ምርጊት በብትን ወረደ። ሁለቴ ሦስቴ ደገመችና እጇን አስገብታ ፍርስራሹን ጠረገችው። ቀዩ የጽድ ቋሚ ታየ፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። ከሥሩ ድንጋዩ ደረቅ ሆኖ ተቀምጧል፤ ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ድንጋዩ ላይ ግን የእርጥበት ምልክት የለም።

ሴትየዋ ጎንበስ ብላ ጣቷን ሰደደች። እንጨቱን በጥፍሯ ፈተሸችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ደህና ቦታ መርጠሽ ሊሆን ይችላል» አለች።

«ልክ ነሽ» አለች ስጋጃ ሠሪዋ። ዶማውን ዘረጋችላት። «አንቺ ምረጪ። የፈለግሽበት ላይ ምቺ።»

ሴትየዋ ዶማውን ይዛ ክፍሎቹን ዞረች። ጨለማ የሆነውን፣ ሰው የማያየውን ፈለገች፤ ከአልጋው ኋላ ያለውን ጥግ አገኘች። አልጋውን ራሷ ገፋችው። መታችው። እዚያም ጽድ ነበር፤ እዚያም ድንጋይ ነበር።

ያን ጊዜ ስጋጃ ሠሪዋ አፏን ከፈተች። ሦስት ሳምንት የተሠራውን አንድም ሳታስቀር ተናገረች፤ ስንት ቋሚ እንደተቆረጠ፣ ጭቃው ስንት ቀን እንደተብላላ፣ አሸንዳው የሚፈስበትን ቦይ በየት በኩል እንዳወጡት። «ይኼ ጥግ ድሮ ጣቴን ይውጥ ነበር» አለችና እሱንም አልደበቀችም። ድምጿ ከፍ ብሎ ነበር። ደላላው እንኳ ዝም ብሎ አዳመጠ፤ ይህንን ሁሉ እሱም የሰማው ገና ያን ዕለት ነው።

ሾፌሩ ዋጋ ጠየቀ። የስጋጃ ቤቱን መግዣ አስልታ ከነሐሴ በፊት የቆረጠችውን ዋጋ ነገረችው። ደላላው በክርኑ ጎሸም አደረጋት፤ «ትንሽ ይቀንሱላቸው እንጂ፣ ቤቱን እኮ በስተው ነው የሚሸጡላቸው።»

«ጀርባውን አይተውታል» አለች፤ አልቀነሰችም። ሚስትየዋ ባሏን አየችው፤ «አትከራከር» አለችው። ገዙት።

ዋጋው ከነጋዴው ቤት ዋጋ የበለጠ አልነበረም፤ የሚያስፈልጋትን ግን አንድ ብር ሳያጎድል ሰጣት። መስቀል ሳይደርስ የስጋጃ ቤቱን ቁልፍ ተረከበች። አዲሶቹ ባለቤቶች ደግሞ የአልጋውን ጥግ ሲደፍኑ፣ ሳሎን ያለውን ቀዳዳ ተዉት። ትንሽ የእንጨት መዝጊያ ሠሩለት። እንግዳ ሲመጣ ሚስትየዋ መዝጊያውን ትከፍትና፣ «ቤታችን በምን እንደቆመ ኑ እዩ» ትላለች። ስጋጃ ሠሪዋ በዚያ በኩል ባለፈች ቁጥር አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የምታልፈው።

እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አነሱና ወደ ፀዳለ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ቤቱ የአንቺ ሥራ ነው። አራት ዓመት ጎንበስ ብለሽ ያነበብሻቸው ማኅደሮች ጽዱና ድንጋዩ ናቸው። ሌላው ሰው ፊቱን ሲያሳምር አንቺ እግሩን ሠርተሻል፤ ደግ አደረግሽ፤ ከዚያ መጀመር ነበረብሽ። ግን ሥራ አፍ የለውም። ሴትዮዋ ያንን ሁሉ ደክማ በዝምታዋ ልታጣው ምን ቀርቷት ነበር? አንቺም ኖራሽን ቀብተሽ ተቀምጠሻል።»

«ጉራ እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነው እትዬ።»

«ጉራስ የሌለውን እንጨት አለ ማለት ነው። ያለውን ከፍቶ ማሳየት ለገዢውም ውለታ ነው፤ ቤቱን የገዛችው ሴት ስንት ክረምት ያለ ስጋት ተኝታ እንዳሳለፈች አስቢው። ሰኞ ግቢና ግድግዳሽን ክፈችው። ማኅደር ሲጠፋ ስንት ቀን ይፈለግ እንደነበር፣ ዛሬ በስንት ደቂቃ እንደሚገኝ ንገሪያቸው።»

ፀዳለ ጣቶቿን እያየች፣ «እነሱ ራሳቸው መርጠው ቢመቱስ? የማይታየውን ጥግ ቢጠይቁኝስ?» አለች።

«እኔ እንጃ። እዚያስ ድንጋይ አስገብተሻል?»

ፀዳለ አሰበች። ማንም ከፍቶ የማያያቸው፣ ከታችኛው መደርደሪያ ያሉት፣ አይጥ ጫፋቸውን የበላቸው የድሮ ማኅደሮች ትዝ አሏት። ሁለት ክረምት ነበር የፈጁባት።

ቀና አለች።

«አስገብቻለሁ» አለች።